ጨለማ ላይ የሚያበቃው መዝሙር

ያበላሸው ሕዝቅያስ ነው። ለቅሶ ቤታችን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ያነበብኩትን መዝሙር ጨረሰልኝ። መዝሙሩ ግን አልቆ ነበር።

ሲሰሙት ትንሽ ነገር ነው። ብሌንም እንዲያ ነው ያለችኝ። ብሌን የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው።

«ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን እሺ» አለች። «ኪቦርድ ነካ ብለሽ ነው ሰው የምትተዪው?»

ከመጀመሪያው ካልተነገረ አይገባም።

ሕዝቅያስን ያገኘሁት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ነው። የሐይቁን ውሃ የምንቀዳባቸው የተወሰኑ ቦታዎች አሉ፤ አንዱ ጀልባዎቹ ዓሣ ከሚያወርዱበት ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ዳርቻ ነው። ጓንት አድርጌ፣ ጠርሙሱን በገመድ አስሬ ወደ ውሃው እያወረድኩ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ይጣልልን እንደሆነ ብለው ከኋላዬ ተደርድረዋል። አንድ ረጅም ልጅ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ቆሮሶ ዓሣ የሞላ ፌስታል ይዞ፣ ውሃው ውስጥ ቆሟል።

«እህቴ፣ እያጠመድሽ ነው ወይስ ልትጠጪው ነው?»

«ናሙና ነው።»

«የምን ናሙና?»

«ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ የሚታይበት።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«አንተ የቆምክበት ጋ? መጀመሪያ እግርህን አውጣ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ።»

ዘሎ ወጣ። ሲዘል ፌስታሉ ተቀደደና ዓሣዎቹ መሬት ላይ ተበተኑ። አንዱን አባ ኮዳ ይዞት ሄደ። ሕዝቅያስ ወፉ እስኪርቅ ድረስ በዓይኑ ሸኘው።

«የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ምሳ ነበር» አለ። «አንድ ወጣት ዛሬ ይጾማል ማለት ነው።»

በቀላሉ የምስቅ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ሳቅሁ፤ እሱም መሳቄን አየ፤ የቀሩትን ዓሣዎች መሰብሰብ ረስቶ ቆመ።

በሥራ ቀናት የስልክ መለዋወጫ ይሸጣል። ቅዳሜና እሑድ ታቦር ሰፈር ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። ሰፈሩ የኛም ሰፈር ነው፤ እናቴና ወንድሜ ኢዮስያስ የሚሄዱት እዚያው ነበር። እኔ በተማሪነቴ ሌላ ቦታ ለምጄ ስለቀረሁ ሕዝቅያስን አላውቀውም ነበር። ለእሱ ስል ተመለስኩ። ለሌላ ምክንያት ነው ብዬ አልዋሽም።

በኛ አምልኮ ውስጥ ኪቦርድ ዝም አይልም። መጋቢው ሲጸልይ ከሥር ይሰማል፤ ሰው ምስክርነት ሲሰጥ ከሥር ይሰማል፤ ንባብ ሲያልቅ ደግሞ ከፍ ብሎ ጉባኤውን ወደ ዝማሬ ያሻግራል። ጎበዝ ተጫዋች የሚባለው አንባቢው ቀና ከማለቱ በፊት ቀድሞ የሚደርስ ነው። ሕዝቅያስ ጎበዝ ነበር። ሻይ ቤት ስንቀመጥ እንኳ ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ወሬያችን ሲቀዘቅዝ መታ መታ ማድረግ ይጀምራሉ።

«ዝም ስንል ትፈራለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ዝምታ ማለት ኪቦርድ ተጫዋቹ እንቅልፍ ወስዶታል ማለት ነው» አለኝ።

እኔ የማውቀው ዝምታ ሌላ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ታይፎይድ ይዞኝ፣ የክፍሌ ልጆች ለእረፍት ሄደው፣ ዶርም ውስጥ ብቻዬን ተኝቼ ነበር። ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀር የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ መዝሙሮቹን ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን እንደምናደርገው ደስ የሚለውን እየመረጥኩ አይደለም፤ በተራ ነው ያነበብኳቸው። ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰውየው ይጮኻል፣ ያማርራል፣ እግዚአብሔርን ይከስሳል፤ ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ ይዞራል፤ ማመስገን ይጀምራል። እያደር መታጠፊያውን መጠበቅ ለመድኩ።

አንዱ መዝሙር ላይ ስደርስ መታጠፊያው አልመጣም። ሰውየው ቀንም ሌሊትም ይጮኻል፣ የሚመልስለት የለም። ለሞተ ሰው ታምር ምን ያደርግለታል ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ የለም። ወዳጆቹ ርቀውታል። የመጨረሻው ቃል ጨለማ ነው። ገጹን ደጋግሜ አየሁት፤ የጎደለ መስመር ያለ መስሎኝ ነበር። የጎደለ የለም።

እነዚህን መዝሙሮች የሰበሰቡት ሰዎች ያንን ሊጥሉት ይችሉ ነበር። መጨረሻው ላይ አንድ የምስጋና መስመር ሊቀጥሉበትም ይችሉ ነበር። አልቀጠሉበትም። እኔን በእምነቴ ያቆየኝ ያ ነው። አሁን በሥራዬም የማውቀው ነገር ነው፤ የውሃው ውጤት መጥፎ ከሆነ መጥፎ ተብሎ ይጻፋል፣ ውጤቱን የሚቀበለው ሰው እንዳይከፋው ተብሎ አይስተካከልም። የዚያን ሰውም ውጤት እንዳለ ትተውታል። እግዚአብሔር ፊት እንዲህም ማለት ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ለሕዝቅያስ ነገርኩት። ጊዜ ወስዶ አሰበበት።

«ይከብዳል» አለ። «ከሱ ቀጥሎ ያለው ግን ደስ ይላል።»

«ስለ ቀጣዩ አልጠየቅኩህም።»

ሳቀ። እኔም ተውኩት። ያኔ አለመጨቃጨቄ ከፍቅር ነበር።

ቤታችን መምጣት ጀመረ። የሳሎናችን በር ታችው ወለሉን ይነካል፤ በትከሻ ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም። ሕዝቅያስ ይህን ሳያውቅ መጀመሪያ የመጣ ቀን ገፍቶ አጋጨውና ቤቱ ተናወጠ።

«ሰውዬ!» አለው ኢዮስያስ። «እህቴን መውሰድህ አንሶህ በሩንም ልትሰብረው ነው?»

«በሩን እገዛላችኋለሁ።»

«እህቴንስ?»

«እሷ አትሸጥም። ጠይቄያት ተቆጥታኛለች።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ እናቴ ሁለታችንን ብቻዋን ነው ያሳደገችን፤ ሰፈሩ የሚጠራት «የኢዮስያስ እናት» እያለ ነው። የዚያን ቀን ለሕዝቅያስ በዛ ያለ ወጥ አቀረበችለት። ለገና ማግስት ሽማግሌ እንዲልክ ተስማማን።

ኢዮስያስ የታመመው በጥቅምት ነው። ኩላሊቱ ነበር። ሐኪሞቹ ያለውን ነገሩን፤ እኔ ገባኝ። እናቴ ግን ሌላ ነገር ሰምታ ነበር። አንድ እንግዳ ሰባኪ አልጋው አጠገብ ቆሞ እጁን ጭኖ ይህ ልጅ አይሞትም ብሎ ተናገረ። እናቴ ቃሉን ያዘች። ለጠያቂው ሁሉ «አይሞትም ተብያለሁ» ትላለች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በእምነቷ ተገረሙ፤ ስሟን እየጠሩ መሰከሩ።

ኢዮስያስ ሞተ።

እናቴ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ቃሉ ሐሰት ነበር ማለቷ ነው፤ ወይ ደግሞ እምነቷ አነሰ ማለት ነው፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አልቻለችም። ድንኳኑ ሥር ጥቁር ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ጎረቤታችን እትዬ ሶፍያ ከጎኗ አልተነሣችም፤ የሚያለቅስ ሰው ሲመጣ ቀድማ ትቀበለዋለች። «ዋ! ተስፋ እንደሌለው ሰው አይለቀስም!» እያለች ዝም ታሰኛለች። እናቴን የኢዮስያስ እናት ማለት ፈርታ በአንድ ጊዜ በእኔ ስም «የታቢታ እናት» ማለት ጀመረች። ሰፈሩም ተከተላት። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍን ነበር።

የማጽናኛው ፕሮግራም ዕለት መጋቢው ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቃል እንዲያነብ ጠየቀ። ተነሣሁ። ያንን መዝሙር አነበብኩ።

ሕዝቅያስ ኪቦርዱን ይዞ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል፤ ከሥር ቀስ ብሎ ይሰማል። እኔ የማየው እናቴን ነበር። መልስ ያላገኘው ጩኸት ጋ ስደርስ ቀና አለች። ስለ ሙታን የሚጠይቅበት ጋ አፏ ተከፈተ። የመጨረሻውን ቃል ብዬ ዝም ስል ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ወጣ። ትንሽ ድምፅ ናት። ከሷ ኋላ ለቅሶው እየመጣ ነበር።

ኪቦርዱ ከፍ አለ። ሕዝቅያስ ዓይኑን ጨፍኖ የድል መዝሙር ጀመረ። ጉባኤው ተነሥቶ አጨበጨበ። እትዬ ሶፍያ እናቴን በክንዷ ደግፋ አስነሣቻት። እናቴም አጨበጨበች።

ከዚያ ወዲያ ያቺ ድምፅ አልተሰማችም። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ትዘምራለች፣ ቤት ስትመለስ የኢዮስያስን ሸሚዞች ትተኩሳለች። ተኩሳ ትሰቅላቸዋለች፤ በማግስቱ አውርዳ እንደገና ትተኩሳቸዋለች።

የሕዝቅያስን ስልክ ማንሳት አቆምኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ታቢ፣ ምን አጠፋሁ?»

«መዝሙሬን ጨረስክልኝ።»

«እንዴ! ጨለማ ብለሽ ቁጭ አልሽ እኮ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መጋቢው አየኝ። ምን ላድርግ?»

«ምንም።»

«ምንም አለማድረግ እንዴት ነው የሚደረገው?»

እየቀለደ አልነበረም። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ አብረን ሄድን።

«ጣትህ ለምዶበት ነው» አልኩት። «ልማድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እናቴ ልታለቅስ ነበር።»

ቆመ። «አይቻታለሁ» አለ።

«ዓይንህን ጨፍነህ ነበር።»

«የጨፈንኩት ካየኋት በኋላ ነው።» መሬት መሬት ያያል። «ለዚህ ነው የጀመርኩት። ብትጀምር የምታቆም አልመሰለኝም። ፈራሁ፣ ታቢ።»

እስከዚያ ድረስ ይቅር ልለው አስቤ ነበር። አሁን ደግሞ ባሰብኝ። እሱ መናደዴን አይቶ ፈጠን ፈጠን እያለ ይናገር ጀመር። አባቱ ሲሞት ትንሽ ልጅ ነበር። ቱላ ከተማ፣ መቃብሩ አጠገብ፣ እንዲዘምር አቆሙት፤ ዘመረ። ሰዎች አቅፈው ሳሙት፤ ይህ ልጅ እምነት አለው አሉት። ኪቦርድ የገዙለትም ከዚያ በኋላ ነው።

«አልቅሰህ ታውቃለህ?»

«ለማን?»

«ለአባትህ ነዋ።»

«ዘምሬለታለሁ አልኩሽ እኮ።»

ለአፍታ አዘንኩለት። ግን እዚያ ላይ ማቆም አልቻልኩም።

«ሽማግሌ እንዳትልክ» አልኩት።

«በእግዚአብሔር ተናደሽ እኔን ትቀጫለሽ?»

«በእግዚአብሔር አልተናደድኩም። ባንተ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ እናቴ ምን እንደምትሆን ታውቃለህ? ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ፈገግ ትላለች። የሠርጉ ቀን ታጨበጭባለች። ወንድሜን አጨብጭባ ሸኘች፣ እኔንም አጨብጭባ ትሸኘኛለች። ከዚያ ባዶ ቤት ገብታ ሸሚዝ ትተኩሳለች። እሷ ለልጇ ሳታለቅስ እኔ ከዚያ ቤት አልወጣም።»

«እሺ እሷስ... እኔና አንቺስ?»

«እኔም አንድ ቀን አለቅሳለሁ፣ ሕዝቅያስ። ያን ቀን ከሥር ሙዚቃ መስማት አልፈልግም።»

ሐይቁ ዳር ደርሰን ነበር። ጣቶቹ ሱሪው ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ እንዳየሁት ሲያውቅ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ምን አድርግ ትዪኛለሽ?»

«መዝሙሩን አንብበው። ብቻህን፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ምንም አታድርግ።»

በሳምንቱ መጣ።

«አነበብኩት።»

«ከዚያስ?»

ጆሮውን አከከ። «ቀጥሎ ያለውን ገለጥኩ።»

አለመዋሸቱን ወደድኩለት። ሥራ አለብኝ ብዬው ገባሁ። ብሌን ከመስኮቱ ስታይ ነበር።

«ምን ሠራ ደግሞ?»

«ገጽ ገለጠ።»

«ወይ አንቺ ልጅ» አለች። «ሰው ገጽ ገለጠ ተብሎ ይባረራል?»

ከዚያ እኔ ጋ መምጣት ተወ። ገና አለፈ፤ የሽማግሌው ቀንም አለፈ። ቤተ ክርስቲያን ኪቦርዱ ጋ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ሕዝቅያስ ከኋላ ወንበር፣ ከሕዝቡ ጋር ነው። አንዳንዴ ስዞር ዓይናችን ይገጥማል። ፈገግ አይልም፤ እኔም አልልም። ናፍቆኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ብሌን ግን ጠርሙሶቹ ላይ የተሳሳተ ቀን ስጽፍ አየችኝና ሳትጠይቀኝ አስተካከለቻቸው።

የካቲት ውስጥ አሞራ ገደል ውሃ ስቀዳ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ። ጫማውን አላወለቀም።

«አባቴ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ። «ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው። ረስቼው ነበር።»

ዓይኑ ሥር አብጧል። ጠርሙሱን ከደንኩ።

«አንብበኸው ነው?»

«አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁት። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።» ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። «ከዚያ ትከሻው ትዝ አለኝ።»

አንድ ጀልባ መጥቶ ዓሣውን አራግፎ እስኪሄድ ድረስ እንዲሁ ተቀመጥን። በዚያ ሁሉ ጊዜ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ፤ አልተንቀሳቀሱም። ከሱ ጋር ዝም ብዬ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ለእናትሽ ላንብብላት» አለ።

«ደግመህ ብታበላሸውስ?»

«የዚያን ጊዜ ሽማግሌ መላኩ ጨርሶ ይቀራል» አለ። «ዳግመኛ ስለሱ አልለምንሽም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። በሩን ክፍት ትቶት ገባ፤ ከለቅሶው ወዲህ ሰው እንደ ልብ ስለሚገባ በራችን ተዘግቶ አያውቅም። እናቴ ካውያውን ይዛ ሰማያዊውን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

«መጣህ ልጄ? ጠፋህ እኮ! ልትዘምርልኝ ነው?»

«አይደለም እናቴ። ዛሬ ላነብልዎት ነው።»

«አንብብ፣ አንብብ። ቃል ጥሩ ነው።»

መተኮሷን አላቆመችም። አነበበ። ድምፁ ለንባብ የሚሆን አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ ይሰናከላል። መልስ ያላገኘው ጩኸት ጋ ሲደርስ ካውያው ቀስ አለ፤ ስለ ሙታን የሚጠይቅበት ጋ ቆመ። ሸሚዙ እንዳይቃጠል ካውያውን ከእጇ ወሰድኩ፤ ሰጠችኝ። ሕዝቅያስ የመጨረሻውን ቃል አለ። መጽሐፉን ዘጋ።

የቀኝ እጁ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ተነሡ። በግራ እጁ ያዛቸው።

«ከዚያስ?» አለች እናቴ።

«ያበቃው እዚህ ላይ ነው።»

«ቀጥሎ ምንም የለውም?»

ቀጥሎ ያለውን በቃሉ እንደሚያውቀው አውቃለሁ። «ምንም የለውም እናቴ።»

«ታቢታ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው ይሄ?»

«አዎ እማዬ።»

«እንዲህ ይባላል? እሱ ፊት?»

«ብለውታል፣ እማዬ።»

እናቴ ሸሚዙን ከጠረጴዛው አነሣችው። ገና ሞቃት ነበር። ፊቷን ቀበረችበትና ያቺ ድምፅ ወጣች፤ ከኋላዋ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምትጸልየው በአማርኛ ነው። ያን ቀን ያለቀሰችው በሲዳምኛ ነው፤ ትንንሾች ሳለን ታባብለን በነበረበት ቋንቋ። ልጄን አለች። ዋሽተውኛል አለች። ስሙን ደጋግማ ጠራችው።

ግቢው ውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ሶፍያ ናት።

«ምንድን ነው? የታቢታ እናት! ምን ሆነሽ ነው? ዋ!»

እናቴን አቅፌ ስለነበር መነሣት አልቻልኩም። ሕዝቅያስን አየሁት። መሸሽ የፈለገ ይመስላል። በአንዲት መስመር ዝማሬ ሁሉንም ነገር ማቆም ይችል ነበር። አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። ሽማግሌ ላክ ያልኩት በኋላ ነው፤ የወሰንኩት ግን ያኔ ነው።

ተነሣ። «እትዬ ሶፍያ፣ እዚሁ ግቢው ውስጥ ከኔ ጋር ቁጭ እንበል» አለ ገና የበሩ ደፍ ላይ ሳለ። እሷ አንገቷን በሱ ትከሻ ላይ አሻግራ ልታይ ስትሞክር፣ «የኢዮስያስ እናት እያለቀሱ ነው» አላት። ወጣ፤ በሩን በትከሻው ከፍ አደረገና ቀስ ብሎ ዘጋው።